የሸክላ ዛፎች ሕመም፦ ከደብረ ማርቆስ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

በግቢዬ ውስጥ በጠፍጣፋ ሸክላ የማሳድጋቸው ቦንሳዮች (እየተገረዙ በትንሽነታቸው የሚያዙ ዛፎች) አንድ የሐበሻ ጥድ፣ ሁለት ወይራ፣ አንድ ፊከስ (የሾላና የዋርካ ወገን) እና አንድ ቀጋ ናቸው። ወይራዎቹ ለመንገድ ሥራ ከተጠረገ ቦታ ጉቷቸው ሊጣል ሲል የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ጥዱና ፊከሱ ከችግኝ ሻጮች የተገዙ፣ ቀጋው ደግሞ ከአጥር ሥር የበቀለ ነው። ከአድባራት ደን ግን ምንም ዓይነት ችግኝ አልነቅልም፤ በጎጃም ደጋ ከተረፈው አሮጌ ጥድና ወይራ ብዙው የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስለ ሆነ፣ ለአንድ ሸክላ ሲባል ከዚያ ላይ መቀነስ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ይህን ማስታወሻ ያስጀመረኝ ጥዱ ነው። ዝናቡ ከገባ ወዲህ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ የነበረው ብሩህ አረንጓዴ ጠፍቶ ወደ አመድማ ቀለም ዞሯል፤ ጫፎቹ በጣት ሲዳሰሱ ይኮሰኩሳሉ፤ አዲስ ቡቃያ መስጠቱንም ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ አቁሟል። ጥድ ሕመሙ ዘግይቶ የሚታይበት ዛፍ ነው። ሥሩ ከሞተ በኋላ እንኳ ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ዛሬ በቅጠሉ ላይ የማየው ምልክት የተጀመረው ምናልባት ከወር በፊት ሊሆን ይችላል።

ዛፍ ሲታመም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ልርጭበት?» ብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ከሁሉ በኋላ አመጣዋለሁ። በሸክላ ላይ ላለ ዛፍ አስቀድሞ የሚጠየቀው ውኃው በየት ገብቶ በየት ይወጣል፣ ሥሩስ አየር ያገኛል ወይ የሚለው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ነፍሳት፣ ከዚያ ፈንገስና ባክቴሪያ ይመረመራሉ፤ መድኃኒት የሚመረጠው ደግሞ የበሽታው ምንነት ከታወቀ በኋላ ነው። በዚህ ማስታወሻም የታየውን፣ የተጠረጠረውንና የተደረገውን ሳላደባልቅ ለየብቻ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ሰኔ 13

ዛሬ ጥዱን ከላይ ወደ ታች መረመርሁት። ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ ሥር ዘርግቼ ቅርንጫፉን በእርሳስ መታ መታ አደረግሁት። ቀይ ሸረሪት የሚባለው እጅግ ደቃቅ ቅጠል መጣጭ ተባይ ቢኖርበት ኖሮ በወረቀቱ ላይ እንደ በርበሬ ብናኝ ያሉ ነጥቦች ወድቀው ጥቂት ቆይተው መንቀሳቀስ በጀመሩ፣ በጣት ሲዳመጡም መስመር በተዉ ነበር። የወደቀው ግን አቧራና ጥቂት የደረቀ ቅጠል ብቻ ነው። ቀይ ሸረሪት የሚበረታው በደረቅና በሞቃት ወቅት ስለ ሆነ በሰኔ አለመገኘቱ አላስገረመኝም፤ ቢሆንም ሳያዩ «የለም» ማለት አይገባም።

ቀጥሎ የፈለግሁት የጥድ ክሽክሽ የሚባለውን ትንሽ መጣጭ ነፍሳት ነው። ይህ ተባይ በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ ከታየ በኋላ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች ተዛምቶ ብዙ የፈረንጅ ጥድ ያደረቀ ሲሆን የሐበሻ ጥድንም ያጠቃል። ቀለሙ ከልጣጩ ጋር ስለሚመሳሰል በቅርንጫፎች መጋጠሚያ ላይ ተጠግቶ ካልታየ ያመልጣል። በአጉሊ መነጽር እየተከተልሁ አየሁ፤ ክሽክሹም የለም፣ እርሱ የሚተወው የሚያጣብቅ ፈሳሽም የለም። ከግንዱ አጠገብ ያሉ አሮጌ ቅጠሎች ቡናማ ሆነዋል፤ ይህ ግን ጥድ በየጊዜው የሚያራግፈው የውስጥ ቅጠል ስለ ሆነ በሽታ አይደለም። አሳሳቢ የሚሆነው ድርቀቱ ከጫፍ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሲመጣ ነው።

ከአንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ልጣጩን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። ከሥሩ ያለው ሽፋን አረንጓዴና እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ በሕይወት አለ። የላይኛው ምርመራ በዚሁ አበቃ፤ የቀረው ሸክላውን መገልበጥ ነው።

ሰኔ 15

ከሸክላው ሳወጣው መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው። ጤነኛ የሸክላ አፈር ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል፤ ይህኛው የረግረግ ሽታ ነበረው። ዛፉ ሲገዛ የመጣበት አፈር ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በሸክላ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ደግሞ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አይተውም።

አፈሩን በሳፋ ውኃ ውስጥ ቀስ እያልሁ አጠብሁት። በላይኛው ጠርዝ በኩል ያሉት ሥሮች ጠንካራ ናቸው፤ ጫፋቸውም ነጣ ያለ ነው። ከታች፣ በሸክላው ወለል ላይ ተኝተው የነበሩት ግን ጠቁረዋል። ከእነዚህ አንዱን በሁለት ጣት ይዤ ስስበው ውጫዊ ልባሱ ወልቆ በእጄ ላይ ቀረ፤ በውስጡ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ከዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። ሌላም ሞከርሁ፣ እንዲሁ ሆነ። ጤነኛ ሥር ሲሳብ ወይ አይበጠስም፣ ወይም ከነልባሱ አንድ ላይ ይበጠሳል። ልባሱ እንዲህ የሚንሸራተት ከሆነ የሥር መበስበስ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ምን እንዳበሰበሰው ግን ገና አልታወቀም።

ለምን ከታች ብቻ እንደ በሰበሰ ላስረዳ፤ የሸክላ ዛፍ በሽታ ብዙው ከዚህ ስለሚነሣ ነው። በሸክላ ውስጥ ያለ አፈር ከጠጣ በኋላ የቱንም ያህል ቢንጠባጠብ ከታች በኩል ውኃ የሞላው ንብርብር ይቀርበታል። የዚህ ንብርብር ከፍታ የሚወሰነው በአፈሩ ቅንጣት መጠን እንጂ በሸክላው ጥልቀት አይደለም፤ ቅንጣቱ በደቀቀ ቁጥር ንብርብሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ያው አንድ ዓይነት አፈር በረጅም ባልዲ ውስጥ ሲሆን ከላይ ሰፊ አየር ያለው ክፍል ይተርፈዋል፣ በጠፍጣፋ ሸክላ ውስጥ ሲሆን ግን ውኃው እስከ ላይ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። ብዙዎች ይህን ለመከላከል ከሸክላው በታች ጠጠር ይደረድራሉ፤ ጠጠሩ ግን እርጥቡን ንብርብር ወደ ላይ ከማንሣት በቀር አያጠፋውም። የሚረዳው አፈሩ ሙሉ በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጎላ ጎላ ካለ ቅንጣት እንዲሆን ማድረግ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ስለ ሆነች፣ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ሳይታይ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው፤ በዚህ ብርድና ደመና ዛፉ ውኃ የሚስበው በጥቂቱ ስለ ሆነ፣ በዋልካ ላይ ያለ ጠፍጣፋ ሸክላ ክረምቱን ሙሉ አይጠፍፍም።

ሰኔ 16

የሥሩን አበስባሽ ለመለየት የፖም ሙከራ አደረግሁ። ለሙከራው ጠንካራ አረንጓዴ ፖም ያስፈልጋል፤ ከእንጅባራ በኩል ከመጣው ሁለት መርጬ በእያንዳንዱ ጎን ላይ ጣት የማያስገባ ቀዳዳ በንጹሕ ቢላዋ አበጀሁ። በአንደኛው ቀዳዳ ከበሰበሱት ሥሮች ዙሪያ የወሰድሁትን አፈር ሞላሁ፤ በሁለተኛው ደግሞ ያንኑ አፈር ለረጅም ጊዜ ቀቅዬና አቀዝቅዤ ጨመርሁ። ሁለቱንም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አርሼ ቀዳዳቸውን በፕላስተር ዘጋሁና በቤት ውስጥ አስቀመጥኋቸው። ፋይቶፍቶራ የተባለው ሥር አበስባሽ በአፈሩ ውስጥ ካለ፣ በቀናት ውስጥ ከቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ፣ ነገር ግን ጠንካራ የሆነ ብስባሽ ይስፋፋል። ብስባሹ ለስላሳና ውኃ ያዘለ ከሆነ ሌላ ተሕዋስ ነው። የተቀቀለው አፈር ያለበት ፖም ለማነጻጸሪያ ነው፤ እርሱም ቢበሰብስ ሙከራው የሚያስረዳው ነገር አይኖርም።

መቀሱንና ቢላዋውን በ70 በመቶ አልኮል ጠረግሁ። ዳግም አረቄ ለዚህ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ምንም ቢጠነክር ግን ወደ 70 በመቶ አይደርስምና አልጠቀምበትም። አልኮል ባይኖር አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ ብረቱን መንከር ይቻላል፤ በረኪና ብረት ስለሚበላ ከዚያ በኋላ በውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት መቀባት ይኖርበታል።

ሰኔ 17

የጠቆሩትን ሥሮች ጤነኛው እስኪታይ ድረስ ቆርጬ አስወገድሁ። ዛፉን ወደ ጠፍጣፋው ሸክላ አልመለስሁትም፤ ወለሉ ክፍት ክፍት በሆነ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተከልሁት። ሣጥኑ ከሸክላው ጥልቅ ስለ ሆነ እርጥቡ ንብርብር ከሥሩ ይርቃል፣ በጎኑም አየር ይገባል። አፈሩ ለብሎኬት ሥራ የሚመጣው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። በሁለት ወንፊት ነፍቼ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን ብቻ አስቀረሁ፤ ከዚያም አቧራው እስኪለቅና ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አጠብሁት። ይህ እጥበት ሊዘለል የማይገባው ሥራ ነው፤ አቧራው ከቀረ ከታች ተጠራቅሞ እንደገና ጭቃ ይሆናል። ለታመመ ሥር ኮምፖስትም ሆነ ሌላ ማዳበሪያ አልጨመርሁም።

ግንዱን ከሣጥኑ ጋር በሽቦ አሰርሁት። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር አዲስ የሚወጡት የሥር ጫፎች ይበጠሳሉና ይህ ማሰሪያ ከብዙ መድኃኒት ይበልጥ ይጠቅማል። ቅጠሉን ለማቅለል ብሎ መከርከም የተለመደ ነው፤ ጥድ ግን አዲስ ሥር የሚሠራበትን ኃይል የሚያገኘው ከቅጠሉ ስለ ሆነ አልነካሁትም። ከላይ በአራት እንጨት ላይ የላስቲክ ጣሪያ ዘርግቼ ጎኖቹን ክፍት ተውሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚጠጣው እኔ ስሰጠው እንጂ ሰማይ ሲሰጠው አይደለም።

ሰኔ 25

የመጀመሪያው ፖም ከቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ሆኗል። ስጫነው ጠንካራ ነው፤ ስሰነጥቀውም ብስባሹ ወደ ውስጥ ዘልቆ ገብቷል። የተቀቀለው አፈር ያለበት ፖም እንደ ነበረ ነው። ይህ ሙከራ የተሕዋሱን ዝርያ አይናገርም፤ ዝርያውን ለመለየት ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። መድኃኒት ለመምረጥ ግን የሚበቃ ማስረጃ ሆኖልኛል።

የግብርና መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ስገባ ካርቤንዳዚም የተባለ ፀረ-ፈንገስ «ለሥር መበስበስ ሁሉ ይሆናል» ተብሎ ቀረበልኝ። አልገዛሁትም፤ ምክንያቱንም ለሻጩ በትሕትና አስረድቼዋለሁ። ፋይቶፍቶራና ፒትየም የተባለው ሌላ ሥር አበስባሽ ፈንገስ ቢመስሉም እውነተኛ ፈንገስ አይደሉም። የሕዋሳቸው ግድግዳ በአብዛኛው የተሠራው በፈንገስ ውስጥ ከሚገኘው ካይቲን ሳይሆን ከሴሉሎስ ነው፤ ዘራቸውም በውኃ ውስጥ ጅራት አውጥቶ የሚዋኝ ነው። ካርቤንዳዚምን የመሰሉ መድኃኒቶች በእነዚህ ላይ አይሠሩም። የሚሠራው ሜታላክሲል ነው፤ እርሱንም የጎጃም ደጋ ድንች አምራች ማንኮዜብ ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠውን ሪዶሚል ብሎ ያውቀዋል። የድንቹን ቅጠል በክረምት የሚያቃጥለው በሽታ የዚሁ የፋይቶፍቶራ ወገን ስለ ሆነ፣ ለጥዴ የሚያስፈልገው መድኃኒት ለካ በየገበሬው ጓዳ ያለው ነበር።

በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጌ አፈሩን አጠጣሁት። ከሣጥኑ የሚወርደውን ፈሳሽ ወደ ጎመን መደቡ እንዳይሄድ በሳፋ ተቀበልሁት። መድኃኒቱ በሽታውን ገትቶ ለሥሩ ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ የሞተ ሥር አይመልስም፤ ዋልካው ባይወገድ ኖሮም ምንም ባልረባ ነበር።

ሐምሌ 10

በጥዱ ላይ ለውጥ የለም። በዚህ ደረጃ ለውጥ አለመኖሩ ራሱ መልካም ምልክት ነው፤ ግራጫነቱ አልጨመረም።

ሐምሌ 27

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከባድ በረዶ ወረደ። ጥዱ ከጣሪያው ሥር ስለ ነበር ተረፈ፤ ወይራዎቹ ግን ውጭ ነበሩ። ቀንበጦቻቸው ላይ በረዶው ልጣጩን የላጠባቸው ብዙ ቁስሎች አሉ፤ አንዳንዱ ቁስል እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ጥልቅ ነው።

ይህ የሚያሳስበኝ በተለየ ምክንያት ነው። ከሁለቱ ወይራዎች ትልቁ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በአንድ ቅርንጫፉ ላይ ሻካራና የተሰነጣጠቀ እጢ አለበት። ምልክቱ የወይራ እጢ ከሚባለው፣ ሲዩዶሞናስ ሳቫስታኖይ የተባለ ባክቴሪያ ከሚያመጣው በሽታ ጋር ይገጥማል። ባክቴሪያው ጤነኛ ልጣጭ በስቶ መግባት አይችልም፤ የሚገባው በመግረዣ ቁስል፣ በረገፈ ቅጠል ጠባሳ፣ ውርጭ በሰነጠቀው ወይም በረዶ በላጠው ቦታ ነው። ከገባ በኋላ የዛፉን የእድገት ሆርሞኖች የመሰሉ ንጥረ ነገሮች እያመረተ ሕዋሳቱን ያለ ልክ ያባዛቸዋል፤ እጢው የሚፈጠረውም በዚህ ነው። በዝናብ ጊዜ ከእጢው የሚወጣው ፈሳሽ ባክቴሪያውን ይዞ በነጠብጣብ ወደ ሌላ ቁስል ይሄዳል። በረዶና ዝናብ አንድ ላይ ሲመጡ እንግዲህ ቁስሉም ተላላፊውም በአንድ ሰዓት ይቀርባሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ቁስሎቹ ሳይቆዩ፣ ሁለቱንም ወይራዎች በመዳብ ኦክሲክሎራይድ ረጨኋቸው። መዳብ ቁስሉን ከላይ ሸፍኖ ይጠብቃል፤ ውስጥ ከገባ ባክቴሪያ ላይ ግን አቅም የለውም። እጢውን ለመቁረጥ እጄ ቢቸኩልም ትቼዋለሁ፤ በእርጥብ ወቅት መቁረጥ አዲስ ቁስል ለባክቴሪያው መስጠት ነው። ሁለቱን ወይራዎች አንዱ የሌላው ነጠብጣብ በማይደርስበት ርቀት ለያይቻቸዋለሁ።

መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የፊከሱ ቅጠል ጥላሸት የተቀባ መስሏል። ይህ ጥቁር ነገር ፈንገስ ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉን አይበላም። የሚኖረው ቅጠል መጣጭ ነፍሳት በሚያፈስሱት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። ስለዚህ ፀረ-ፈንገስ መርጨት ከንቱ ድካም ነው፤ መፈለግ ያለበት ፈሳሹን ያመጣው ነው። ጉንዳኖች ወደ ግንዱ ሲመላለሱ ተከትያቸው ደረስሁበት፤ በቅጠሉ የጀርባ ጅማት ላይ የተለጠፉ፣ ቡናማና ጠፍጣፋ፣ እግር የሌላቸው የሚመስሉ ቅርፊት መሳይ ተባዮች ናቸው። በጥፍር ጫፍ አንዱን ሳነሣው ከሥሩ ብዙ ደቃቅ እንቁላል ፈሰሰ።

ይህን እያየሁ ሳለ አያ እያልሁ የምጠራቸው ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ቀፎዎቻቸው ከፊከሱ ጥቂት እርምጃ ላይ ናቸው፤ አደይ አበባው ስለ ፈካም ንቦቹ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው።

«ልጄ፣ ዛፍን በሳህን አስረህ መልሰህ ታክመዋለህ። መሬት ላይ ብትለቀው አይሻለውም?» አሉኝ።

«አያ፣ መሬት ላይ ያለውም ይታመማል። በወግ ከተያዘ ሸክላ ላይ ያለው ከእኛ ዕድሜ በላይ ይኖራል» አልሁና ከ1625 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸክላ ላይ ስላለው የጃፓን ነጭ ፓይን (መርፌ መሰል ቅጠል ያለው ዛፍ) ነገርኋቸው፤ በ1945 እ.ኤ.አ. ሂሮሺማ ላይ ከወረደው ቦምብ ተርፎ በ1976 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ተሰጥቶ ዛሬ በዋሽንግተን የሚገኝ ዛፍ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎሽ፤ እንዲያ ከሆነ ደግ። መድኃኒት ብቻ እንዳትረጭብኝ፤ ማሩ ሊደርስ ነው።»

«አልረጭም አያ፤ በእጄ ነው የምለቅመው።»

ቃሌን ለመጠበቅ ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ተባይ ከቅርፊቱ ሥር ስለሚደበቅ የተለመደው የሚነካ መርዝ ብዙም አያገኘውም። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ቅጠል በቅጠል፣ ጀርባውን እየገለበጥሁ አጠብሁት። ሳሙናው የሚጎዳው በተለይ ገና ቅርፊት ያልሠሩትን ደቃቃ ጫጩቶች ስለ ሆነ፣ እንቁላሉ በተፈለፈለ ቁጥር እጥበቱ መደገም ይኖርበታል። ጉንዳኖቹ ጣፋጩን ፈሳሽ ለመውሰድ ሲሉ ተባዮቹን ከጠላት ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ የሸክላውን እግር በውኃ በተሞላ ሳህን ላይ አቁሜ መንገዳቸውን ቆረጥሁ። ጥላሸቱ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ይለቅቃል።

ጥቅምት 9

ጥዱ ቡቃያ አውጥቷል። በደቡብ በኩል ባሉት ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ፤ በጣት ሲዳሰሱ ይለሰልሳሉ። በሣጥኑ ክፍተት በኩል ሲታይም ነጭ የሥር ጫፎች በጠጠሩ መካከል አሉ። የሰሜን በኩሉ አንድ ቅርንጫፍ ግን ደርቋል፤ ልጣጩን ስፍቀው ከሥሩ ቡናማ ነው፤ እርሱን ቆርጬዋለሁ። ምናልባት ያንን ቅርንጫፍ ይመግበው የነበረው ሥር ከሞቱት አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ በጥድ ላይ አንድ ወገን ሥር ሲሞት ብዙ ጊዜ በላዩ ያለው ወገን አብሮ ይደርቃል።

በጠጠሩ ላይ ጥቂት ነጭ ክር የመሰለ ሻጋታ አየሁ። ከፓይን ዛፍ ሥር ጋር አብሮ የሚኖረው ጠቃሚ ፈንገስ እንዲህ ነጭ ሆኖ በዓይን ይታያል፤ የሐበሻ ጥድ ግን ከሌላ ዓይነት ፈንገስ ጋር ነው የሚወዳጀው፤ ያም በሥሩ ውስጥ ስለሚኖር በዓይን አይታይም። ስለዚህ ይህ ክር የሞተ ነገር የሚያበሰብስ ተራ ፈንገስ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሥሩን አይነካም፤ ትቼዋለሁ።

ኅዳር 20

ዝናብ ካቆመ ሰንብቷል፤ እጢውን የመቁረጫው ጊዜ ደረሰ። ከእጢው በታች ጤነኛ እንጨት እስኪገኝ ድረስ ወርጄ ቆረጥሁት፤ በእያንዳንዱ ቆረጣ መካከል መጋዙን በአልኮል ጠረግሁ፤ የተቆረጠውንም እዚያው አቃጠልሁ። በሐምሌ በረዶ የቆሰሉት ቦታዎች በአብዛኛው ጠባሳ ይዘው ድነዋል። ትንሹ ወይራ ላይ ምንም እጢ የለም። ትልቁ ላይ ግን ሁለት ቅርንጫፎች በሚገናኙበት ጉያ ውስጥ አንድ አዲስ እብጠት ጀምሯል፤ ርጭቱ በዚያ ጉያ ውስጥ ያለውን ቁስል ሳይነካው ቀርቶ ይሆናል። እርሱንም አወጣሁት። ይህ በሽታ የሚፈውሰው መድኃኒት የለውም፤ በየበጋው መቁረጥና በየክረምቱ ቁስልን መሸፈን ብቻ ነው ያለው፤ ዛፉ ግን ከእርሱ ጋር ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል።

ቀጋው ላይ ዱቄት መሰል ነጭ ሻጋታ ወጥቷል። ከብዙዎቹ የፈንገስ በሽታዎች የሚለየው ለመብቀል የውኃ ጠብታ በቅጠሉ ላይ መኖር አያስፈልገውም፤ ደረቅ ቀንና ርጥበት ያለው ቀዝቃዛ ሌሊት ይበቃዋል። የተያዙትን ቀንበጦች አስወግጄ የተቀሩትን በሚሟሟ ድኝ ረጨሁ፤ ሸክላውንም ነፋስ ወደሚያገኘው ቦታ አዛወርሁት።

ታኅሣሥ 16

በሌሊት ውርጭ ወርዶ የፊከሱ የላይኛው ቅጠሎች ጠቁረዋል። በሽታ ከሆነ ነጥቡ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በቀናት ይሰፋል፤ ውርጭ ግን ለሰማይ የተጋለጠውን ወገን ሁሉ በአንድ ሌሊት እኩል ይመታል፣ ከዚያም አይጨምርም። ፊከሱ የቆላ ጠባይ ያለው ዛፍ ስለ ሆነ እስከ የካቲት ድረስ በበረንዳ ውስጥ ያድራል።

አንድ ወዳጄ ከፋግታ ለኮማ በኩል የዲከረንስ ችግኝ ለቦንሳይ ይሆናል ብሎ አመጣልኝ። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በአዊ ገበሬዎች ዘንድ ለከሰል ተተክሎ ብዙ ቤት ያቆመ ዛፍ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ግን የዋግ በሽታ ገብቶበት እርሻውን ክፉኛ ጎድቶታል። የችግኙን ቅጠል በአጉሊ መነጽር ሳየው ቡናማ እብጠቶች አሉበት። ወዳጄን አመስግኜ ችግኙን ከቅጠሉ ጋር አቃጠልሁት። የዲከረንስ ዋግ በወይራና በጥድ ላይ አይሄድም፤ ነገር ግን በአካባቢዬ ያሉት የአጥር ዲከረንሶች የሰው ንብረት ናቸው።

ከዚህ በኋላ አዲስ የሚገባ ችግኝ ሁሉ ንጹሕ ቢመስልም አንድ ክረምት በግቢው ማዶ ለብቻው ይቆያል።

ጥር 7

ዛሬ ነጩ ወረቀት በጥዱ ላይ ቀይ ሸረሪት አሳየኝ፤ ጥቂት ነጥቦች ወድቀው ወዲያው ተንቀሳቀሱ። በደረቁ ወቅት የሚጠበቅ ነው። ለጊዜው ቅጠሉን ከሥር ወደ ላይ በኃይለኛ የውኃ ፍሰት ማጠብ ይበቃል፤ በጠጠሩ ላይ የሚወርደው ውኃ ወዲያው ስለሚያልፍ ሥሩን አያሰጋውም። እጥበቱ ከፀሐይ በፊት፣ በማለዳ ይሆናል፤ በየሳምንቱም ወረቀቱ ይደገማል።

ጥዱ ወደ ጠፍጣፋው ሸክላ የሚመለሰው መጪውን ክረምት በሣጥኑ ውስጥ ያለ አዲስ ድርቀት ካሳለፈ ብቻ ነው። የላስቲክ ጣሪያው ግንቦት ሳይጋመስ ይዘረጋል፤ የወይራዎቹ አፈርም ዋልካው ወጥቶ በወንፊት በተለየው ቀይ ጠጠር ይተካል። ያ ሥራ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት፣ ቡቃያቸው ማበጥ ሲጀምር ይሠራል፤ ትልቁ ወይራ በመጨረሻ፣ በተለየ መቀስ።